የባምላክ ማሳ ውኃ

እና ምን ብዬ ልጀምር፣ መጀመሪያ ሰላምታው ነው፣ እንዴት ዋላችሁ አባቶቼ፣ ከዚያስ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ወረታ መናኸሪያ ጀርባ ካንዲት ጠባብ ሱቅ ተቀምጬ የሰው ቀሚስ ሳጠብብና ሳሰፋ የኖርኩ ሴት ከስፌት መኪና ጋር እንጂ ከሽማግሌ ጋር መነጋገር የት አውቃለሁ፣ ቅዳሴው ወጥቷል፣ ይኼኔ ሽማግሌዎቹ ከሾላው ሥር ተቀምጠዋል፣ ይርዳውን የባምላክን ውኃ አልሰረቅሁም ብለህ ማል እያሉት ነው፣ ይርዳው ደግሞ አይምልም። በእውነትም በሐሰትም አይምልም። አባቱም ሳይምል ነው የሞተ።

ፍጠኚ አይናለም። እግሬ አይፈጥንም፣ የሚመለስ እግር ነው የሚመስለው።

ሁሉም የመጣው ከዚያ ከሐኪሙ ነው፣ አይ፣ በሰው አታሳብቢ፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ባሌ ደሳለው ከሞተ ወዲህ ሁለት ዓመት ልቤ ድው ድው ሲል ሲያድር፣ መኝታዬ ላይ ተቀምጬ ሲነጋብኝ፣ መርምሮኝ ልብዎ ደህና ነው አለኝ፣ የታመመው ልብዎ አይደለም፣ ከዚያች ሱቅ ይውጡ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት አረንጓዴ ነገር እያዩ ይራመዱ፣ ሣሩን፣ ውኃውን፣ ወፉን ይዩ፣ ከክኒን አያንስም። ሳቄ መጣ። ገበሬው ሲታመም ወደ ሐኪም ይመጣል፣ ሐኪሙ እኔን ወደ ገበሬው ይሰደኛል፣ ጉድ እኮ ነው።

ግን ወጣሁ። ፎገራ ሜዳ ላይ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው የለም፣ ይኼን ሐኪሙ አልነገረኝም፣ ሰው ወይ በሬ ይነዳል ወይ ይፋግ ገበያ ይሄዳል ወይ ለቅሶ ይደርሳል፣ እኔን ያየ ሁሉ ይቆማል፣ ምነው እታለም በደህና፣ ማን ሞተ፣ ማንም አልሞተም፣ ዛዲያ ወዴት ነው፣ እንዲያው ለጤናዬ ልራመድ ብዬ፣ ለጤና ከሆነ ወንዛዬ ፍል ውኃው አለልሽ አይደል፣ አይ፣ መራመድ ብቻ ነው፣ እንዲያው ዝም ብሎ፣ አዎ ዝም ብሎ። ከንፈራቸውን መጥጠው ያልፋሉ። በሦስተኛው ሳምንት ወሬው ሱቄ ድረስ መጣ፣ የመሪጌታ ወልደ ሥላሴ ልጅ ጎሕ ሲቀድ ማሳ ለማሳ ምን ትቀብራለች፣ አባቷ ያስተማራትን ነው እንጂ። አባዬ ድጓ ነው ያስተማረ፣ ሌላ ምንም አያውቅም፣ መሪጌታ ሁሉ ደጋሚ ይመስላቸዋል። እኔም ጠያቂ ፈርቼ መንገዱን ተውኩት፣ ጨለማው ሳይገፈፍ በሩዙ መሀል፣ በግድቡ ላይ መሄድ ጀመርኩ፣ ያቺ ከማሳ ማሳ ውኃ የምትለይ የጭቃ ግድብ፣ አንድ እግር የምታስኬድ። የቄስ ቤት ልጅ ነኝ፣ እርፍ ጨብጬ አላውቅም፣ ግድብ ምን እንደሚይዝ ማን ነግሮኝ።

ለምን ይዋሻል፣ ተሻለኝ። ጤዛው ቀሚሴን ሲያረጥበው፣ ጉም ከጣና በኩል ሲነሣ፣ ነጫጮቹ ወፎች ከበሬዎቹ ጀርባ ላይ ሲያርፉ፣ ትንፋሼ እስከ ሆዴ ወረደ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ተኛሁ። ሰው ተኛሁ ብሎ ያለቅሳል፣ እኔ አለቀስኩ።

ረቡዕ። ረቡዕ አዳለጠኝ። ተረከዜ ጠለቀ፣ አንድ ጓል ጭቃ ተንዶ ወረደ፣ ያንዲት ሌማት ያህል እንኳ አይሆንም፣ ጫማዬን ነቅዬ እግሬን ሳጥብ ውኃው በዚያች ስንጥቅ ኩልል እያለ ወደ ታችኛው ማሳ ይወርዳል፣ ድምፁ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ሰማሁት፣ ልቤ ጸጥ አለ፣ ሐኪሙ ይኼን ነው ያለኝ ብዬ አመሰገንኩት። ዝናቡ ቀድሞ ቆርጧል፣ መስከረም ሳያልቅ፣ ሩዙ ሊዘረዝር ሲል፣ ያ ውኃ የላይኛው ማሳ ባለቤት የባምላክ የዓመት እህል ነው፣ እኔ እንደ ዜማ አዳምጠው ነበር። በዚያ ቀን ማታ በጊዜ ተኝቼ በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው የነቃሁ።

ባምላክ ሲመጣ ማሳው ተሰንጥቋል፣ የታችኛው፣ የይርዳው፣ ሞልቷል፣ ሌላ ምን ያስብ። ሰረቅኸኝ። አልሰረቅሁህም። በዱላው የይርዳውን ራስ ፈነከተው።

ዓርብ የይርዳው ሚስት ንግሥቲ ሱቄ መጣች፣ ደም የነካው ነጠላዋን እንኳ አልቀየረች፣ ከዱካዋ፣ ከበርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፣ እሑድ አይምል እንደሆን ጥፋተኛ ነው ብለው ከደቦው ሊያስወጡት ነው፣ ማን አብሮን ያጭዳል፣ ልጆቻችንም ከባምላክ ልጆች ጋር ዱላ ተማዘዋል፣ ደም ሳይፈስ አይቀር፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፣ እቴ፣ አንቺማ በየጠዋቱ ትወርጃለሽ፣ ያየሽው ሰው የለም ወይ?

አላየሁም አልኳት። መኪናውን እየረገጥኩ። ሰውማ አላየሁም፣ ውሸት እኮ አይደለም፣ ውሸት ነው፣ ነው እንጂ። ስፌቱን አጣምሜ ኖሮ ማታ ፈታሁት።

ብናገርስ፣ ያን ጊዜ መተቷን በአፏ አመነች ይላሉ፣ ማሳ ያደረቀች ሴት፣ ማን ቀሚስ ያሰፋብኛል፣ ማን ሜዳውን ያስረግጠኛል፣ ተመልሼ ያቺ ሱቅ፣ ያ መኝታ፣ ልቤ ድው ድው፣ ሞቴን እየጠበቅሁ። ጤናዬን በስንት ጭንቅ አገኘሁት፣ የይርዳው ጭንቅላትስ ጤና አይደለም ወይ።

ደረስኩ። ቄስ ዓለምብርሃን መስቀላቸውን ይዘው መሀል ተቀምጠዋል፣ ባምላክ በቀኝ፣ ይርዳው በግራ፣ ራሱ በነጭ ሻሽ ታስሯል። ሁሉም ዞሩ። ሰላምታውን ረሳሁት።

ግድቡን የናድኩት እኔ ነኝ፣ አባ።

ምን አልሽ ልጄ፣ ይላሉ ቄሱ። እደግመዋለሁ፣ ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ፣ አዳለጠኝ፣ ውኃው ሲወርድ እያየሁ ሄድኩ፣ አልደፈንኩትም፣ እኔ ነኝ፣ ይርዳው አልነካም። ባምላክ ተነሣ፣ ምን ልትሠሪ ነው በእኔ ማሳ የወጣሽ? ለመሄድ። የት ለመሄድ? የትም። ከኋላ አንዲት ሴት አማትባ የአባቴን ስም ስትጠራ እሰማለሁ፣ መጣ፣ የፈራሁት መጣ። ሐኪም አዞኝ ነው፣ መተኛት አቅቶኝ፣ ሜዳው ያድንሻል ቢለኝ፣ እላለሁ፣ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም የዕብድ ቃል ይመስለኛል። ባምላክ የይርዳውን ሻሽ ያያል፣ ቁጭ ይላል፣ ፊቱን በጋቢው ይሸፍናል።

ይርዳው ግን እኔን ነው የሚያየኝ። ይሰድበኛል፣ ይስደበኝ፣ ይገባኛል።

ዛዲያ ተሻለሽ ወይ እታለም፣ ይላል።

ሌላ የሚል መስሎኝ እጠብቃለሁ፣ የለውም፣ መልሴን ነው የሚጠብቅ። ተሻለኝ፣ እላለሁ፣ እተኛለሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይላል፣ ሻሹን በእጁ ደግፎ። የምሩን ነው። እኔ በዚህ ምስጋና ላይ እንዴት ብዬ አሜን ልበል።