ከዳር እስከ ዳር የቀላው

«እማዬ፣ ምን ብለሽ ብትጽፊ ነው እንዲህ የቀላው?»

ትልቋ ልጅ እናቷን ጠየቀቻት። እናትየዋ የጻፈችው የምታውቀውን ብቻ ነው።

የትልቋ እንጀራ ሰነድ መተርጎም ነው። መስኮቱ ሥር ላፕቶፗን ከፍታ ትውላለች፤ ገጹ ግማሹ በራሳቸው፣ ግማሹ በባዕድ ቋንቋ ነው። በባዕዱ ስትሳሳት አራሚው ፕሮግራም ከሥሩ ቀይ መስመር ይስባል። የእነሱን ቋንቋ ግን ጨርሶ አያውቅም፤ ቢጣመምም ቢቃናም ዝም ብሎ ያልፈዋል። ጎልማሶች ከሚማሩበት ክፍል ገብታ በቅርቡ ፊደል የለየችው እናት ይህን ዝምታ እንደ ምስጋና ቆጠረችው።

«ከአስተማሪዬ ይሻላል» ትል ነበር። «እሱ ደብተሬን በቀይ ሲያርሰው ነው የሚውለው።»

ያን ቀን ከሰዓት ትልቋ ባሕር ማዶ ላለ ሥራ ማመልከቻ እየጨረሰች ነበር። ቀጣሪዎቹ እናትየዋ ስለ ቤተሰቡ በራሷ ቋንቋ ጥቂት እንድትጽፍ ፈልገዋል። እናትየዋ በዓለም ላይ አጥብቃ የምትፈራው ብቻዋን መቅረትን ነው። ልጇን ግን በፍርሃቷ ልታስቀራት አልፈለገችም። ስለዚህ በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች ጻፈች፦ «ትልቋ ልጄ ትሄዳለች፤ ትንሿ ከእኔ ጋር ትቀራለች።» አራት ነጥቡን ስታሳርፍ ዓረፍተ ነገሩ ከዳር እስከ ዳር ቀላ።

«ኧረ ይሄማ አይሆንም!» ትልቋ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። እንከን የላቸውም። አጥፍታ ራሷ ጻፈችው፤ ቀላ። ከሥሩ ሆን ብላ የተወላገደ ነገር ጻፈች፤ ዝም አለ። ላፕቶፑን ዘግታ ከፈተችው። መስመሩ ቦታው ላይ ነው።

«ፊደል ቆጠርኩ ብለሽ አስፈራራሽው እንዴ?» አለች እናቷን።

ትንሿ ከበሩ አጠገብ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቁማ መጣች። በእህቷ ትከሻ ላይ አጎንብሳ «ትልቋ» የሚለውን ወደ «ትንሿ»፣ «ትንሿ» የሚለውን ወደ «ትልቋ» ለወጠችው።

መስመሩ ጠፋ።

እናትየዋ የተለወጠውን በከንፈሯ እየቆጠረች አነበበችው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን መለወጥ እንዳለብሽ በምን አወቅሽ?»

«እንዲሁ ሞከርኩት።»

«ሞኝሽን ፈልጊ! ልትሄጂ ነው እንዴ?»

ትንሿ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። «ዛሬ አይደለም እማዬ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

ትልቋ «ምን ማለትሽ ነው?» ብላ ብድግ ስትል እናትየዋ እጇን ያዘቻት። «ተያት፤ እንደነበረ መልሺው» አለቻት። «እኔ የጻፍኩትን ነው የምፈርመው። እናት እያለች ማሽን አይፈርድም።» ትልቋ መለሰችው፤ እንደገና ቀላ። ሲታተም ግን ወረቀቱ ንጹሕ ነበር። እናትየዋ ቀለሙ ከሥር እንዳይወጣ የፈራች ይመስል ወረቀቱን በመዳፏ ጠረግ አድርጋ ፈረመች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ትንሿ የጭነት መኪና ከሚነዳ ሰው ጋር ፍቅር ከጀመረች ሰንብታለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ቤቱ ግን አልሰማም። ማሽኑ ከማን እንደሰማ የሚያውቅ የለም። የትልቋ ሥራ መጽደቁን የሚገልጸው መልእክት በደረሰ ማግስት፣ የትንሿ አልጋ ተነጥፎ ተገኘ፤ ልብሷ ከነማንጠልጠያው ታጣ።

የትልቋ መሄጃ ቀን ሲደርስ እናትየዋ «ሂጂ ልጄ፣ እኔ አልሞትም» ብላ ለመነቻት። ትልቋ በሩ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ቆመች፤ እናቷን አየቻት፤ ከዚያ ሻንጣውን መልሳ ወደ ውስጥ አስገባችው። የሄደችው ትንሿ ናት። ትልቋ ቀረች።