የአማት ዝምታ

ነርሷ ጠዋት ሥራ ገብታ ጋውኗን እንደለበሰች በቀጥታ ያመራችው አማቷ ወደተኙበት ክፍል ነበር። አሮጊቷ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ትናንት ምላሳቸው አላርፍ ብሎ የክፍሉን በሽተኛ ሁሉ ሲያስቁ አመሹ። ዛሬ ግን አንሶላውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ጭጭ ብለዋል።

«እማዬ፣ እንዴት አደሩ? አመመዎት እንዴ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ትንፍሽ አላሉም። ዶክተሩ መጥቶ «እስቲ እናቴ፣ ፈገግ ይበሉልኝ» ቢላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዶክተሩ ነርሷን ኮሪደር ላይ ጠርቶ «ስትሮክ እንዳይሆን ፈራሁ» አላት። ለባሏ ምን ብላ ትንገረው?

ተመልሳ መጋረጃውን ጋረደች። «እማዬ፣ እኔስ ልጅዎ አይደለሁ? ገደሉኝ እኮ!» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አሮጊቷ አንጀታቸው አልችል አለ። አፋቸውን በእጃቸው ከልለው «ጥርሴን ጣሉብኝ» ሲሉ አንሾካሾኩ። «ማታ አውልቄ በወረቀት ኩባያ አስቀምጬ፣ በሶፍት ሸፍኜው ነበር። በድዴ ልሣቅለት እንዴ?»

የአማቷ ጥርስ የሚወልቅ መሆኑን ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ወዲያው ግን ክው አለች፤ ደም የነካ ቆሻሻ የሚጣልበት ቢጫው ከረጢት በማለዳ ወደ ማቃጠያው ሄዷል። ሮጣ ጽዳት ሠራተኛዋን ያዘቻት።

«እማዬ ራስጌ የነበረውን ኩባያ የት ከተትሽው?»

«ደም አልነካው፤ ጥቁሩ ውስጥ ነዋ! ምነው ሲስተር፣ አጠፋሁ?»

«ተባረኪ! እሱስ ሄደ?»

«ኧረ ጓሮ ነው።»

ወፍራም ጓንት አጥልቀው ከረጢቱን ላስቲክ ላይ ዘረገፉት። መርፌው በሳጥኑ፣ ፋሻው በቢጫው ተለይቶ ስለሚሄድ ያገኙት የብርቱካን ልጣጭ፣ የብስኩት ወረቀትና የተጨማደደ ጋዜጣ ብቻ ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ አንዱን ኩባያ ነቅነቅ አደረገችና «ይኸው፣ ተንኳኳ!» ብላ ጮኸች።

ነርሷ ጥርሱን በመድኃኒት ዘፍዝፋ፣ ደጋግማ አለቅልቃ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ አንሶላው ውስጥ ገብተው ገጠሙትና ብቅ አሉ። ዶክተሩ ተጠራ። ግራ ቀኝ እኩል ፈገግ አሉለት፤ «እጅዎን ያንሱ፣ ስምዎን ይንገሩኝ» ያላቸውን ሁሉ ፈጸሙ። እሱም «እፎይ!» አለ።

«አንተ ልጅ፣ ሾርባችሁ ግን ጨው የሚባል ነገር አያውቅም?» ሲሉ ጀመሩት።

የነርሷ ስልክ ጠራ፤ ባሏ ነው።

«እማዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው፤ ዶክተሩን እየገሠጹት ነው» አለችው።