የሰው ማልያ

«ደግሞ ተነሣሽ? ተቀመጪ እንጂ» አለቻት ጎረቤቷ ማኅደረማርያም፣ ትከሻዋን ይዛ ወደ ፍራሹ እየመለሰቻት።

«የድንኳኑ ገመድ መተላለፊያው ላይ ነው የታሰረው። ሰው ይጠልፋል።»

«እድሩ ያየዋል።»

«ሽማግሌ ቢወድቅበትስ?»

«ፍቅርተ፣ ሐዘንተኛ ነሽ እኮ። ሐዘንተኛ ገመድ አይጠብቅም።»

ፍቅርተማርያም ተቀመጠች። ባሏ ወልደተንሣኤ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ፣ ሰልስቱ ነው። እስካሁን አላለቀሰችም። ማልቀስ ጠልታ አይደለም፤ ሐሳቧ አላሳርፍ ብሏት ነው። ገመዱ አለ። ንፍሮው የተጣደበት እሳት ለድንኳኑ ሸራ ቀርቧል። ልጇ ሔራን ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ከአንኮበር የመጡት ዘመዶች ማታ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ይመለሳሉ፣ ሹፌሩም ልጅ እግር ነው። አንዱን ስትጥለው ሌላው ይነሣባታል። ሰው ግን የሚያየው ደረቅ ዓይኗን ብቻ ነው። ትናንት ከጀርባዋ ሁለት ሴቶች «እንባዋን ለማን አስቀመጠችው?» ሲባባሉ ሰምታለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ባሏ የሚያገለግልበት የኳስ ቡድን ከደብረ ብርሃን በወጣ ቁጥር፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ ኖራለች። አውቶቡሱን ጣርማበር ላይ በጭጋግ ገልብጣዋለች፤ ቆላ ሲወርዱ ባሏን በወባ አስይዛዋለች፤ ሜዳ ላይ ድንጋይ ሲወረወር አናቱን አስመትታዋለች። በሐሳቧ ያልሞተው ሞት አልነበረም። እሱ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከገዛ ደጃፉ፣ የኅዳር ፀሐይ እየሞቀ፣ የጫማውን ማሰሪያ ለማሰር እንዳጎነበሰ ቀረ። ይኼኛው አንድም ቀን አልታሰባትም።

ከፊት ለፊቷ የሟቹ ታላቅ እኅት እትዬ አመተ ማርያም ተቀምጠዋል። ከአንኮበር ከመጡ ጀምሮ የሚያነሡት አንድ ነገር ነው።

«ለቅሶ ያለ ልብስ ምን ለቅሶ ነው? አባታችን የሞተ ጊዜ ጠመንጃው ወጣ፣ ካባው ወጣ፣ በቅሎው ሳይቀር በለቅሶው መሐል ተሳበ። ወንድሜ ይህን ያህል ዘመን ኳስ ቤት ኖሮ ይዘን የምናለቅስበት አንዲት ማልያ ይጣ?»

«የለውም እትዬ። ኮቱን ያውጡለት።»

«ኮትማ የማንም ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ኧረ ምንም አታድርጊ። አንቺማ ምንም አላደረግሽ» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ። ነገሩ ለእንባዋ እንደሆነ ገባት።

ፍቅርተማርያም አልዋሸችም። ማልያ የለውም። ግን በቤቱ ውስጥ ማልያ ነበር። ጓዳ ካለው ሳጥን ውስጥ፣ በንጹሕ አቡጀዴ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ቀይ ማልያ፣ ባለ ሰባት ቁጥር። የሰው ነው።

ያመጣው ቴዎፍሎስ ነው፣ የቡድኑ የድሮ አምበል። ከሦስት ሳምንት በፊት በፌስታል ይዞት መጣ። ቡድኑ ወደ ላይኛው ሊግ ያደገ ዕለት የለበሰው ማልያ ነው፤ የዚያን ቀን ጓደኞቹ ሁሉ ደረቱ ላይ ፈርመውበታል። በመስታወት አድርጎ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ኖሮ፣ እርጥበት ገብቶበት አንገቱ ዙሪያ ሻግቷል፤ እንዲያጸዳለት ነው ያመጣው።

«ጋሼ ወልዴ» አለ ቆሞ፣ ወንበር ቀርቦለት ሳይቀመጥ፣ «የሌላው ፊርማ ቢጠፋ ሰዎቹ አሉ፤ እንደገና ይፈርሙልኛል። የቃለ አብ ግን ከጠፋ የለም።»

ቃለ አብ በረኛው ነበር። በሞተ በሁለተኛው ዓመት እናቱ የልጇ እጅ ጽሑፍ እዚያ ማልያ ላይ እንዳለ ሰማች። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ቴዎፍሎስ ቤት እየመጣች፣ ወንበር ስባ፣ ከመስታወቱ ፊት ተቀምጣ ትሄዳለች።

ቴዎፍሎስ እንደወጣ ፍቅርተማርያም «መልስለት» ብላ ነበር። «ቢበላሽ የዚያችን እናት ዓይን እንዴት ታየዋለህ?»

ወልደተንሣኤ ማልያውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ጥጥ በውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ከእያንዳንዱ ፊርማ ጫፍ ላይ አንዷን ነጥብ ብቻ ነካ እያደረገ ጥጡን ያየው ጀመር። ዘጠኙ በማርከር የተፈረሙ ናቸው፤ ጥጡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከታች በግራ በኩል ያለው የቃለ አብ ግን ጥጡን ወይን ጠጅ አደረገው።

«ማርከሩ አልቆባቸው በተማሪ እስክሪብቶ ነው የፈረመው» አለ። «ይሄ ውኃ ማየት የለበትም።»

ስምንት ቀን ፈጀበት። ማልያውን ውኃ ውስጥ አልነከረውም፤ ሳሙናም አላስነካውም። ከሥሩ ደረቅ ጨርቅ እያነጠፈ፣ ሻጋታውን ከአንገቱ ላይ ነጥብ በነጥብ፣ በእርጥብ ጥጥ አነሣው። ፀሐይ ቀለም ይበላል ብሎ ጥላ ውስጥ በጀርባው አስተኝቶ አደረቀው። ሲያጥፈውም እጥፋቱ በፊርማ ላይ እንዳይውል መሐል መሐሉ ላይ ጨርቅ አገባበት። ዓርብ ጨረሰ። ቅዳሜ ሞተ።

ፍቅርተማርያም ለገመዱ፣ ለእሳቱ፣ ለሹፌሩ ስትሰጋ ሳጥኑን መቆለፍ ረሳች።

እኩለ ቀን ላይ ንፋሱ ተነሥቶ የድንኳኑን ሸራ ሲያርገበግበው እትዬ አመተ ማርያም «ወገቤን ላሳርፍ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ ግን በጓሮ በር ዞረው ነው የወጡት። ፍቅርተማርያም መጀመሪያ ድምፃቸውን ሰማች፤ ቀና ስትል ሰዎች ክብ ሠርተዋል፣ በክቡም መሐል ቀዩ ማልያ ከፍ ብሎ ይዞራል።

«አለው ወንድሜ! አለው!» ይላሉ እትዬ። «ባለ ሰባት ቁጥሩ ወንድሜ!»

*ሜዳው ተከፈተ ተጫዋቹ ወጣ፣*
*ሰባት ቁጥር ወንድሜ ከወዴት ይምጣ።*

የአንኮበር ሰዎች ተቀበሉ። የከተማው ሰው ግን ዝም አለ። ወልደተንሣኤ ኳስ ተጫውቶ እንደማያውቅ የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ያውቃል። የቡድኑን ልብስ የሚያጥብ፣ የሚተኩስ፣ ሻንጣ የሚሸከም ሰው ነበር። ድሮ ወጣት ሳለ ለእናቱ «ከኳስ ቡድን ገባሁ» ብሎ ላከ። እናቱ ለአገሩ ሁሉ ልጄ ኳስ ተጫዋች ሆነ ብላ አወራች። እሱም በየዓመቱ ለጥምቀት አገሩ ሲወርድ አቅንቼ እነግራታለሁ ይልና ሳይነግራት ይመለሳል። እናቲቱ እንደዚያው እንዳመነች ሞተች።

ከወጣቶቹ አንዱ ሳቁን አፍኖ ሳል አስመሰለው። ማኅደረማርያም በክርኗ ጎሸመችው።

ፍቅርተማርያም የድንኳኑን በር አየች። ቴዎፍሎስ ቆሟል። ቆቡን በእጁ ይዟል። ዓይኑ ከማልያው ጋር ይዞራል።

ተነሣች። በዚህ ጊዜ የያዛት የለም። አጠገቡ ስትደርስ ማኅደረማርያም ቀድማት እያንሾካሾከች ነበር።

«ሰባት ቁጥር አንተ አልነበርክ?»

«ሜዳ ላይ ነዋ» አለ ቴዎፍሎስ በዝግታ። «ዘጠና ደቂቃ እኔ ጋ ነው፣ ሳምንቱን እሳቸው ጋ።»

«ቴዎፍሎስ» አለች ፍቅርተማርያም፣ «ሳጥኑን አልቆለፍኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ሄጄ የሰው ነው እላቸዋለሁ።»

«ተዪ፣ እትዬ ፍቅርተ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አይሆንም። ምን ይላሉ? ወንድሜ ውሸታም ነው ሊሉ? ያልቅሱበት።»

«ፊርማውስ?»

የቴዎፍሎስ አንድ እጅ ከኪሱ ወጥታ ነበር፤ ተመልሳ ገባች።

ፍቅርተማርያም ወደ ክቡ ዞረች። እትዬ አመተ ማርያም እጅጌውን ፊታቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። ብርዱ ፊታቸውን ሰንጥቆት ጠዋት ቫዝሊን ተቀብተዋል፤ ያ ቅባት ከእንባው ጋር እጅጌው ላይ አብረቅርቋል። አሁን እጅጌው ራሰ። ማልያውን ገለበጡት፣ ደረቅ ቦታ ፈለጉ፣ የታችኛውን ጠርዝ ያዙ። ግራውን።

የሰው ነው ብትል፣ እኒህ ሴት በሰባ ዓመታቸው በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ያፍራሉ፤ ወልደተንሣኤም በሰልስቱ ይሳቅበታል። ዝም ብትል፣ ለገና ያቺ እናት ወንበር ስባ ባዶ ጨርቅ ታያለች። ሰዎቹን በትከሻዋ እየገፋች መሐል ገባች።

«እትዬ፣ ስጡኝ። እኔም ላልቅስበት።»

የሚዞሩት ቆሙ። አንዲት ሴት «እሰይ፣ ይውጣላት» አለች። እትዬ አመተ ማርያም ፊታቸውን ከማልያው አነሡና ለመጀመሪያ ጊዜ በርኅራኄ አዩዋት።

«እንቺ እኅቴ። እኔን አፈር ይብላኝ፣ የአንቺም ነው እኮ።»

ማልያውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ተንኮሏ ሠርቷል፤ አሁን ለማልቀስ የሄደች መስላ ወደ ጓዳ ይዛው ትገባለች። ሁለት እርምጃ ተራመደችና ጠርዙን አየችው። እንባ አንድ ቦታ ላይ አርፎበታል። «ቃ» ጫፏ ላይ ወይን ጠጅ ሆና መስፋት ጀምራለች። «ለ» አልተነካችም። «አብ»ም አለ። ገና አልጠፋም፤ ቶሎ ከተደረሰለት ይተርፋል። ደረቅ ጨርቅ ከሥር ነው ወይስ ከላይ? ይጫናል ወይስ ዝም ብሎ ይተዋል? ስምንት ቀን አጠገቡ ተቀምጣ ስትሰጋ፣ ይበላሻል ስትል፣ እጁን አላየችውም ነበር።

«ወልዴ፣ ከሥር ነው ወይስ—» አለች፣ ደጃፉ ላይ እሱ ሁልጊዜ ወደሚቀመጥበት መቀመጫ ዞራ።

መቀመጫው ላይ አንድ የአንኮበር ሽማግሌ ተቀምጠው ንፍሮ ይዘግናሉ። እጃቸውን አቁመው ቀና አሉ፣ ምን እንደጠየቀቻቸው ለመስማት።

ያን ጊዜ ለቅሶው መጣባት። ሦስት ቀን የጠበቁት ሰዎች ሁሉ ሰሙት። መሬት ላይ ተንበረከከች፣ ሔራን «እማዬ» እያለች ከኋላ ያዘቻት። ማልያውን ግን አላስጠጋችውም። ሁለቱን እጆቿን እስከሚችሉት ድረስ ወደፊት ዘርግታ፣ ደረቱን ወደ ላይ፣ ፊርማውን ወደ ላይ አድርጋ እንደያዘችው፣ አንገቷን ወደ ጎን ጠምዝዛ እንባዋን በገዛ ትከሻዋ ላይ አፈሰሰችው።