ሁሉም ቲነር አንድ ነው ያለው ሰውዬ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጋደም ባሉበት፣ አያትን የቀሰቀሳቸው ሽታ ነው። አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ። ከሽታው ቀጥሎ የሚያውቁትና የሚፈሩት ድምፅ መጣ፤ የልጅ ልጃቸው ትንፋሽ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚገባ ነፋስ ሲር ሲር ይላል። ጫማቸውን በቅጡ ሳይጫሙ ወደ ሳሎን ሮጡ።

ሚጣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች። ሚጣ ትባል እንጂ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ አስሙ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ለቋት አያውቅም። ከፊቷ ክንድ የማያክል የአሮጌ ባቡር ሞዴል ቆሟል። የከተማው ሙዚየም ሞዴል የሚሠራለት ሰው ሊቀጥር ነው፤ «ቅዳሜ እጅሽን የሚያሳይ ሥራ ይዘሽ ነይ» ብለዋታል። ሁለት ዓመት ሥራ ፈታ ለተቀመጠች ልጅ ይህ ባቡር ባቡር ብቻ አይደለም።

የቀራት እጥበት የሚሉት ነገር ነበር። ጥቁር ቡናማ ቀለም እንደ ውሃ እስኪሆን በቲነር ይቀጥንና በላዩ ይለቀቃል። በየብሎኑ ሥርና በየስንጥቁ ገብቶ ሲቀር፣ ያ መጫወቻ የሚመስል ነገር ዝናብና ጥላሸት የጠጣ የእውነት ባቡር ይሆናል። አሁን ግን የባቡሩ አረንጓዴ ጎን እንደ ረጠበ ወረቀት ተጨማዷል።

«ቀለሙን በላው፣ እማማ» አለች ሚጣ እያሳላት። «ከሥር የቀባሁት በውሃ የሚቀጥነውን ነው። በላዩ የዘይት ቀለም በለስላሳው ቲነር አቅጥኜ ባጥበው አይነካውም። ለስላሳውን ስጠኝ ብዬው…»

«ማንን ነው ያልሽው?»

«ሁሉ-አለን።»

ሁሉ-አለ የማዕዘኑ ቀለም ቤት ባለቤት ነው። ምን ቢጠይቁት «አለ» ስለሚል ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው።

አያት መስኮቶቹን በረጋገዷቸው። ልጅቷን ወደ በረንዳ ገፍተው፣ የምትስበውን መድኃኒት አስይዘው፣ ትንፋሿ እስኪረጋ ጀርባዋን አሹላት። ከዚያ ጠርሙሱን አነሡ። ተራ የውሃ ጠርሙስ ነው፤ አንዲት ፊደል የለበትም። ሕፃን አንሥቶ ቢጠጣውስ? ይህን ሲያስቡ እግራቸው ብቻውን ደረጃውን ወረደ።

«እናቴ! እንኳን ደህና መጡ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ ሁሉ-አለ።

«እንኳን ደህናም አልመጣሁ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ቲነር ነዋ» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«የቱ ቲነር?»

«እማማ፣ ሁሉም ቲነር አንድ ነው። ልጅቷ አብዝታው ይሆናላ። ደሞ ለመጫወቻ ይሄን ያህል…»

«መጫወቻ?» የአያት ደም ፈላ። «እንግዲያው ሁሉም አንድ ከሆነ» አሉና ክዳኑን ፈቱ፤ ጠርሙሱን በአዲስ ሰማያዊ ቀለም ወደሚያብረቀርቀው ባንኮኒ ዘንበል አደረጉት። «እስቲ ይሄን አዲሱን ባንኮኒህን ልወልውልልህ።»

«ኧረ እናቴ! ኧረ ይተዉ!» ሰውየው እንደ በረኛ ባንኮኒው ላይ ተወረወረ።

ተራ የሚጠብቅ አንድ ቀለም ቀቢ ሳቁ አመለጠው። «አንድ ነው አላልክም እንዴ ጌታው? ምን አስፈራህ ታዲያ?»

«ጠንካራው ነው» አለ ሁሉ-አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «ለስላሳው አልቆብኝ ነበር። ባዶ እጇን ከምትመለስ ብዬ…»

«አይ አዛኝ! ‹የለም› ማለት አፍህን ይቆርጠዋል? ዓይንህ እያየ ስታስል አይደል ያደገችው? እያወቅህ ሰጠሃት! የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ አሉ፤ አሁንም ጥፋቱን በእሷ ልታላክክ!»

«በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል፣ በነጻ…»

«በጄ! ቅዳሜ ቆሞ ይጠብቅሃላ!»

ጠርሙሱን እዚያው ዘጭ አድርገው ወጡ። መንገዱን ሙሉ ብቻቸውን እየተቆጡ ቤት ሲደርሱ ሚጣ ጠረጴዛውን ወደ በረንዳ አውጥታ የተጨማደደውን ቀለም በረጠበ ብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍጋለች።

«አርፈሽ ተቀመጪ! ሥራው ይቅር! ሳንባ ከየትኛው ሱቅ ይገዛል?»

«እማማ፣ ሥራ ፈቶ መቀመጥም ያፍናል።»

አያት ጠረጴዛውን ይበልጥ ወደ ነፋሱ ገፉት።

«ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ» አለች ሚጣ። «ባቡሩን በሙሉ ያለ ቲነር በዘይት ቀለም፣ እዚሁ ነፋሱ ላይ እቀባዋለሁ። ሲደርቅ እጥበቱን በውሃ ቀለም። ውሃ የዘይት ቀለም አይበላም።»

«ውሃ በዘይት ላይ? ተንከባሎ ይወርዳል እንጂ! መጥበሻ አጥበሽ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሳሙና የሚገባበት።»

አያት አላመኑም። አርብ አመሻሹ ላይ ወንበር ስበው ከጀርባዋ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ብሩሹን፣ ጆሯቸው ትንፋሿን ይጠብቃል። የመጀመሪያው ጠብታ እንዳሉት ድቡልቡል ሆኖ ወረደ። «አላልኩሽም!» ሚጣ ኩባያው ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አደረገችና ደገመችው። ቀለሙ በዝግታ ተዘረጋ፤ በየጠርዙ ሰረገ፤ ብሎኖቹም አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ልጅቷንም አንዴ እንኳ አላሳላትም።

ቅዳሜ ሙዚየሙ ውስጥ የሞዴል ክፍሉ ኃላፊ መነጽራቸውን አድርገው በጥፍራቸው የባቡሩን ጎን ጫር ጫር አደረጉት።

«በምን አጠብሽው?»

«በውሃ።»

«እኛ የምንሠራው በጠንካራው ቲነር ነው። ክፍሉ ይሸታል። ትችይዋለሽ?»

በሩ አጠገብ የቆሙት አያት ምላሳቸውን ነከሱ። የጠየቃቸው የለማ።

«አልችለውም» አለች ሚጣ። «ደረቴ አይችለውም። በውሃ ከሆነ ግን የምሠራው ይሄው፣ ያዩት ነው።»

ኃላፊዋ ባቡሩን ወደ ብርሃን አዙረው ብሎኖቹን አንድ በአንድ አዩ። «ሰኞ ነይ» አሉ በመጨረሻ። «በውሃሽ።»

ውጭ ሲወጡ ሚጣ እየሳቀች አያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። አያት ግን አልሳቁም።

«ሌሎቹስ? እነሱ በጠንካራው ሲሠሩ ሽታው አንቺን መርጦ ሊያልፍሽ ነው? መስኮት መኖሩን ጠየቅሽ?»

«በናትሽ እማማ፣ ሰኞ እጠይቃለሁ!»

«ሰኞማ ከታፈንሽ በኋላ ነው።»

ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ፤ ዞሩና የኃላፊዋን ክፍል በር ሳያንኳኩ ገፉት።