ወደ ቁም ሣጥኑ የዞረው ካሜራ

ባራንኪያ ውስጥ መብራት በሄደ ቁጥር የዶኛ ኡባልዲና መኝታ ቤት ካሜራ ከልጇ ከኤዲልቤርቶ ስልክ ላይ ይጠፋል። እሱ ቦጎታ ሆኖ ይናደዳል፣ እህቱ ኑሪስ ደግሞ ትወቀሳለች።

«ነካክተሽው ነው» አላት ካሜራው በተሰቀለ በሦስተኛው ቀን ደውሎ።

«አልነካሁትም። መብራት ሲመለስ ራውተሩ ሌላ አድራሻ ይሰጠዋል፣ አንተ በድሮው ትፈልገዋለህ።»

«ራውተር የምትባለዋ ያቺ መብራት የምታበራዋ ሣጥን ናት፣ ገባሽ?»

«ገባኝ፣ ኤዲ።»

ኑሪስ እናቷ ስትሮክ መቷት አልጋ ላይ እስክትውል ድረስ አሥራ አንድ ዓመት ኢንተርኔት ቤት ከፍታ ስትሠራ ኖራለች። ገመዱን ሁሉ የዘረጋችው በገዛ እጇ ነበር። ወንድሟ ይህን ረስቶታል፤ እሷም ልታስታውሰው አልሞከረችም።

ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የካሜራውን ገጽ ከፈተች። አድራሻውን «በራሱ ይምረጥ» ከሚለው አውጥታ ቋሚ አደረገችው። ከቤቱ ዕቃዎች አንዱም ያልያዘውን ቁጥር ሰጠችው፣ ወደ ውጭ መውጫ እንዲሆነው የራውተሩን አድራሻ ከሥሩ ጻፈችና «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች። ካሜራው ጠፍቶ እንደገና በራ።

«መጣ! መጣ!» አለ ኤዲልቤርቶ። «አሁን ትንሽ ወደ ግራ አዙሪው።»

«አልጋው እኮ በቀኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ወደ ግራ።»

ወንበር ላይ ወጥታ አዞረችው። «በቃ፣ እዚያ ላይ ተዪው» አለ። ወርዳ ላፕቶፑን ስታይ የእናቷ ቁም ሣጥን ሙሉውን ምስሉ ውስጥ ገብቷል። ከእናቷ የሚታየው አንድ እግሯ ብቻ ነው።

«ኤዲ፣ ምንድን ነው የምትጠብቀው?»

«የማሚ የወርቅ ሐብል የለም አሉ። ማሚ ራሷ ስልክ ላይ አለቀሰችብኝ። ኑሪስ ሳትወስደው አትቀርም ያለችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።»

ኑሪስ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ሐብሉ ልጅህ አንገት ላይ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት እማዬ ራሷ አጠለቀችላት። ፎቶውን ሳሎንህ ሰቅለኸዋል።»

ከኋላው ሚስቱ የሆነ ነገር ስትል ተሰማ።

«እ… ለካ እሱ ነው። መቼም ሰው ይረሳል» አለ። «ካሜራው ግን ይቆይ፣ አንዴ ተገዝቷል።»

ኑሪስ እናቷን ቀስቅሳ «እማዬ፣ ሐብሉን ማን ወሰደው?» አለቻት።

«የቱን ሐብል?» አለች ዶኛ ኡባልዲና። «ውሃ ስጪኝ እስቲ፣ ልጄ።»

ሰጠቻት።

በማግስቱ ካሜራውን ወደ አልጋው መለሰችው። ከዚያ ወዲህ ግን እናቷን እዚያ ክፍል ውስጥ አጥባት አታውቅም። በየጠዋቱ ብድግ አድርጋ ወደ ኩሽና ትወስዳታለች፣ ወገቧ እስኪቆረጥ። ኤዲልቤርቶ ደወለ።

«ማሚን የት ነው የምታደርሻት? ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ትጠፋለች።»

«ላጥባት ነው።»

«እዚያው አይሆንም?»

«ራቁቷን ልታያት?»

ስልኩን ዘጋው። ሁለተኛ ስለዚህ አልተነጋገሩም፤ ይቅርታም አልመጣም።

ዶኛ ኡባልዲና በጥቅምት ዝናብ ሞተች። ኤዲልቤርቶ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለቀብሯ መጣ። እንደ አገሩ ልማድ ለነፍሷ ዘጠኝ ቀን ጸሎት ተደርሶ ጎረቤት እንደተበተነ ወንበር ስቦ ካሜራውን ከግድግዳው ፈታው።

«እዚህ ከእንግዲህ ምን ይሠራል? ቦጎታ ሱቄ ውስጥ እሰቅለዋለሁ» አለ ብሎኑን ኪሱ እየከተተ። «ያንን የአድራሻ ነገር እዚያ ስደርስ በስልክ ትነግሪኛለሽ አይደል?»

«ባለሙያ ጥራ፣ ኤዲ። ከፍለኸው ይሥራልህ።»

የእናቷን ፍራሽ ከአልጋው ስባ አወረደችና ወደ ግቢው ጎተተችው። ከባድ ነበር፤ በሩ ላይ ተያዘባት። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ለሚስቱ ይደውላል።

«ምን ላድርግ፣ አኩርፋለች» ሲል ሰማችው።

ፍራሹን በጎኑ አቁማ አሳለፈችውና ፀሐይ ላይ ዘረጋችው።