ቀድሞ ለታጠበው ሰው ዱዓ

በወንዙ መሀል ባሉት ትናንሽ ደሴቶች ላይ ፍልውሃ ይፈልቃል። የሸዋ ሮቢትና የአካባቢዋ ሰው በየበጋው እየተሻገረ ወገቡንና ጉልበቱን ሲያድንበት የኖረ ውሃ ነው። ጣልያን አገሩን ከያዘ ወዲህ ግን ደሴቶቹ የመኮንኖቹ መዝናኛ ሆኑ፤ በጋውን ሙሉ ድንኳን ተክለው፣ ዘበኛ አቁመው ሰውን ከለከሉ። የሚሄዱት ክረምቱ ሲቃረብ፣ የወባ ንዳዱን ፈርተው ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ደመናው ሲጠቁር እትዬ ሙሚና "አልሐምዱሊላህ!" አሉ። ወንዙ ሳይሞላ፣ የጎረቤታቸውን የዙሀራን ትከሻ ተደግፈው ከሁሉ ቀድመው ተሻገሩ። ከመኮንኖቹ የቀረው የካስማ ጉድጓድና ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ውሃው ውስጥ ሲገቡ ዓመቱን ሙሉ ሲጠዘጥዛቸው የከረመው ጉልበት ለሰስ አለላቸው። እንባቸው እስኪመጣ አላህን አመሰገኑ።

የአገሩ ወግ ነውና፣ የታጠበ ሰው ከውሃው ሳይወጣ ከሱ በፊት ለታጠበው ዱዓ ያደርጋል። እጃቸውን ሲያነሱ ዙሀራ ደነገጠች።

"እትዬ፣ ከአንቱ በፊት የታጠበው እኮ ጣልያኑ ነው!"

እጃቸው እንደተነሳ ቀረ። ዱዓውን ቢተዉት ውሃው ይታዘባቸዋል፤ ቢያደርጉት ደግሞ ምላሳቸው እሺ አይልም። ተከትለዋቸው ተሻግረው ዳር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ያዩዋቸዋል።

"ያ አላህ" አሉ በመጨረሻ፣ "ከእኔ በፊት የታጠበውን ሰውዬ በሰላም አገሩ መልሰው። ጤና ስጠው፣ ዕድሜ ስጠው፤ ከደጃፉ ግን ዳግመኛ አታውጣው።"

እንዲያ ያለ "አሚን" ያ ወንዝ ሰምቶ አያውቅም።