የብልቃጡ ጸበል

ጥሩብርሃን ክፉ ነገር ሳይደርስ ቀድማ የምታለቅስ ሴት ነበረች። ባሏን ኤጀታን ምግብ አልወርድ ሲለው፣ ሐኪም እንኳ ሳያየው ጥቁር ልብሷን ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ድንኳኑንም ተከራየሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀባት።

ነገሩ የጀመረው መብራት በፈረቃ በሚመጣበት በ2001 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሆዱን ከፈቱት። ካንሰሩ ከጨጓራው አልፎ ተሰራጭቶ ስላገኙት መልሰው ሰፉት። ቀዶ ጥገናውን ያደረገው ዶክተር ነገሳ፣ የኤጀታ እናትም ወንድሙም በጨጓራ ሕመም እንደሞቱ ሰምቶ ነበርና ከዕጢው ትንሽ ቆርጦ መድኃኒት በተሞላ ብልቃጥ ሰጣት።

«ሰኞ ለላቦራቶሪው ያስረክቡልኝ፤ ውጭ አገር ልከው ያስመረምሩታል። ለእሳቸው የሚሆን ነገር አናገኝበትም። የሚጠቅመው ለልጅዎ ነው።»

ቀበና ቤታቸው ሲገቡ፣ ኮተቤ ባዮሎጂ የምትማረው ልጇ ሀሴት ልታስረዳት ሞከረች።

«እማ፣ መብራት ሲጠፋ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ፈረቃ ነው አይደል? ከካንሰር የሚጠብቀን ጂንም እንደዚያ ነው። አባዬ ላይ እንደ ፈረቃው ጂኑ ደህና ሆኖ ከዕድሜ ብዛት ጠፍቶ ከሆነ፣ በሽታው የእሱ ብቻ ነው። እንደተቃጠለው አምፖል ከእናቱ ተበላሽቶ የወረደ ከሆነ ግን…»

«በቃ፣ አትጨርሺው።»

«ሥጋው ይነግረናል እኮ ነው የምልሽ።»

ልጅቷ አባቷን ልታስታምም ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች። ጥሩብርሃን ከብልቃጡ ጋር ብቻዋን ቀረች። ሽታው ከክዳኑ ሥር ይወጣል። ታውቀዋለች፤ የወንድሟን አስከሬን ስትረከብ አፍንጫዋ ላይ የቀረው የሬሳ መድኃኒት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ሥጋ በሬሳ መድኃኒት ይነከራል? ሟርት ማለት ይህ አይደል?

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ብልቃጡን በነጠላዋ ሸፍና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣች። ባሕር ዛፍ ሥር መድኃኒቱን ደፋችው። ብልቃጡን በጸበል አለቅልቃ ሞላችው። ነጯ ቁራጭ ቀስ ብላ ስትሰጥም እያየች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ደግ ነገር ጠበቀች።

ኤጀታ እሑድ ዐረፈ።

ብልቃጡን ወደ ላቦራቶሪው የወሰደችው ሀሴት ናት፤ ያውም ከሣልስቱ በኋላ። ስትመለስ ከእናቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ መድኃኒቱን ምን አደረግሽው?»

«ደፋሁት። ጸበል ሞላሁበት።»

«በስብሷል አሉ። ምንም ሊያዩበት አይችሉም።»

«ሌላ ይቁረጡ…» ብላ ጀመረችና ጥሩብርሃን አፏን በእጇ ያዘች። ሥጋው የሚቆረጠው ሰው አፈር ውስጥ ነው።

«መድኃኒቱ ሥጋው እንዳይበሰብስ ነው ብዬ አልነገርኩሽም» አለች ሀሴት። «አምፖል አምፖል ስል ዋናውን ረሳሁት።»

ሊመሽ ሲል ጎረቤታቸው ኩልሱም እንጀራ አቀረበችላቸው። ሀሴት ሁለት ጊዜ ጎረሰችና እጇን ሰበሰበች።

«አልወርድ ብሎሽ ነው?» አለች ጥሩብርሃን።

«አይ፣ እማ። ሐዘኑ ነው።»

መብራቱ ጠፋ። «ተራችን ነው፣ ፈረቃ ነው» አለች ኩልሱም ከጓዳ ሻማ እየፈለገች። ሀሴት እናቷን ለማስደሰት እንደገና ጎረሰች። ጥሩብርሃን ትንፋሿን ውጣ፣ በጨለማው ውስጥ ጉርሻው የልጇን ጉሮሮ አልፎ ሲወርድ ታዳምጥ ነበር።